ወደ ቡሬ ተልኬ ያልደረስሁበት ሐሙስ

ለውድ እኅቴ ለእታለም ባንቺአየሁ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የሐዋሳው ሙቀት ደም ግፊትሽን አላነሣሣብሽም? አዲሱ መነጽርስ ተስማማሽ? እዚህ እኔ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ እህተ ማርያም ከፋሲካ በኋላ ወገቧን አሟት ነበር፤ አሁን ተነሥታ ጓሮዋን እየኮተኮተች ነው። የበርበሬው ችግኝ መደብ ላይ ወጥቷል፤ ለመትከል ዝናቡን እንጠብቃለን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ቢሠራም ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ነገሩን መሐል ላይ ትቼ ስለ ዝናብ ማውራት እጀምራለሁ። ወረቀት ግን የጀመርሁትን እንድጨርስ ያስገድደኛል። ይህን አራተኛ ጊዜ ነው የምገለብጠው። ስታነቢው ተቀምጠሽ ይሁን፤ ልጅሽ ሠርክአዲስም አጠገብሽ ትሁን።

ሥልጠና ገባሁ ያልሁሽ ዕለት «በስድሳ አምስት ዓመትህ ደግሞ ምን ልትሆን ነው» ብለሽ ሥቀሽብኝ ነበር። በወረቀት «የአቻ ድጋፍ ሰጪ» ይባላል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዝዛል፤ እኛ ደግሞ ከሱስ የወጣን ሰዎች ገና ሊወጣ ከሚታገለው ጋር እንቀመጣለን። ሰባት ነን፤ የጭነት መኪና ሾፌር አለ፣ አረቄ ስታወጣ የራሷ አረቄ የጣላት ሴትም አለች። እኔ ከተውሁ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆኖኛል። የምታሠለጥነን ሲስተር ሥርጉት ናት፤ ስድስተኛ ክፍል እያለች በቀይ እስክሪብቶ ያስለቀስኋት ልጅ። አሁን ተራው የእሷ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዳችን የሕይወት ታሪካችንን እንድንናገር ታዘዝን። እኔ በአራት ገጽ አዘጋጅቼ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት ምን ያህል እንደጠጣሁ በቅደም ተከተል አቀረብሁ። ሲስተር ሥርጉት ጨርሼ እስክቀመጥ ጠብቃ፣ «መምህር፣ ይህ የትምህርት ዝግጅት ነው። ሰውየው የታለ?» አለችኝ። ሁሉም ሣቁ። እኔ ግን ቅር ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከዚያ ለልምምድ አንድ ሰው ተሰጠኝ፤ ገነነ ይባላል፣ ገበያው አጠገብ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት ነው። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንድ መለኪያ አረቄ ካልወሰደ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ እጁ ነው ቀበቶው ሲሽከረከር አጠገቡ የሚቆመው። እኔም ደብተር ገዝቼ አስምሬ ሰጠሁት፤ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ምክንያቱን እንዲሞላ። በሳምንቱ ስሄድ ባዶውን አገኘሁትና ገሠጽሁት። «እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፤ አንቱ ሊያስጨርሱኝ ነው የመጡት?» አለኝ።

በሦስተኛው ጉብኝት እንደ ልማዴ ስለ ጉበት ሳስረዳው ወፍጮውን አጥፍቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «መምህር፣ አንቱ አረቄን ከመጽሐፍ የቀመሱት ይመስለኛል» አለኝ። «የጠጣ ሰው የበደለው ሰው አለው። እኔ የሚስቴን ጥርስ ሰብሬያለሁ። አንቱ ማንን አስለቀሱ?»

ማንንም አልሁት።

አየኝና መለኪያውን ሞልቶ ፊቴ ጠጣው። «እንግዲያስ ሲድኑ ይምጡ» አለኝ።

እታለም፣ የበደልሁት አንቺን ነው። አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

በ፲፱፻፺፯ ዓ.ም. በኅዳር፣ እማ የታመመች ጊዜ፣ ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ኃይሉ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጠርተው አንቺን ከቡሬ እንዳመጣ ላኩኝ። እማ ነፍሷን ታውቅ ነበር፤ ትናገርም ነበር። በእግሬ ፍኖተ ሰላም ወርጄ፣ መኪና ተሳፍሬ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቡሬ ደረስሁ። መናኸሪያው ጥግ አረቄ ቤት ነበረች። እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ በባዶ ሆዴ እንዴት እሄዳለሁ፣ አንድ መለኪያ ልቅመስና ልግባ አልሁ። ከዚያ የወጣሁት እሑድ ጠዋት ነው። አንቺ ጋ አልደረስሁም። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ከዚያ ደጃፍ እስከ ድሮው በርሽ ቆጠርሁት፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አረቄ ቤቷ አሁን ጎሚስታ ሆናለች።

ቤት ስመለስ እማ ቅዳሜ ተቀብራ ነበር። ጋሼ «ባንቺስ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ነግሬያታለሁ፣ የበርበሬ ገበያዬን ጥዬ አልመጣም አለች» አልሁ። አንቺ ማክሰኞ ከገበያተኛ ሰምተሽ እየጮኽሽ ስትመጪ ጋሼ ፊታቸውን አዞሩብሽ። ለምን እንዳልጠራንሽ እኔን ለብቻዬ ጠየቅሽኝ። እኔም «ጋሼ ያገባች ሴት ባገባችበት ትኑር ብለው ከለከሉኝ» አልሁሽ። ሁለቱም ውሸት ነው። የተናገርሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት አልሰከርሁም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ሲቀመጥ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ እንደነበርሁ ታስታውሻለሽ፤ የተማረ ነው ተብዬ። ጋሼ «ነገሩን እሷ ታውቀዋለች» አሉ። አንቺም «እሱ ያውቀዋል» አልሽ። በእኛ አገር ጨዋ ሰው ቂሙን በስሙ አይጠራምና ሁለታችሁም ከዚያ አላለፋችሁም። አንዳችሁ አንድ ዐረፍተ ነገር ብትጨምሩ እጋለጥ ነበር። እኔም ፈጥኜ ተነሣሁና «ነገር ከሚበዛ ለእግዚአብሔር እንተወው» ብዬ ሸንጎውን በተንሁት። ሰው ሁሉ አስተዋይነቴን አመሰገነ። ይህ ከአረቄው ሁሉ ይብስብኛል።

ከገነነ ዘንድ ወጥቼ ይህን ለሲስተር ሥርጉት ነገርኋት። አልነቀፈችኝም፣ አላጽናናችኝምም። «በሰው ፊት ከመናገርዎ በፊት መስማት የሚገባው ማን ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አንቺን ማስቀደም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ስምሽ የጎደፈው በጋሼ ዘንድ ነውና መጀመሪያ እዚያ ማጽዳት እንዳለብኝ ቆረጥሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ሃያ ዓመት ጠበቅሁ፣ በራሱ አልጠራም።

ጋሼ ደጃቸው ላይ ሞፈር እየጠረቡ አገኘኋቸው። በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዛሬም ለልጆቻቸው የሚጠርቡት እሳቸው ናቸው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እማ ሐሙስንና ዓርብን ውሻ በጮኸ ቁጥር «ባንቺ ናት?» ትል እንደነበር ነገሩኝ። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ አልነበርሁማ። ቀጥለው ያሉትን እንዳለ ልጻፍልሽ፦

«ሃያ ዓመት የእኅቴን ስም ሳልጠራ ኖርሁ። አንተ ዋሸህ፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የእኔንም ጻፍላት። እሷ ሳትሰማ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»

መጥረቢያቸውን አነሡ፤ እኔም ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥሁም።

እንግዲህ የምለምንሽን ልንገርሽ። ሰኔ ሃያ ቀን ሠልጣኞቹ ሁሉ ሊድኑ በሚታገሉት ሰዎች ፊት ታሪካችንን እንናገራለን፤ ያን ያለፈ ሥራውን ይጀምራል። ደንቡ የሌላውን ሰው ቁስል ያለ ፈቃዱ አታውሩ ይላል፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ብትፈቅጂልኝ ሐሙሷን እናገራለሁ። ባትፈቅጂ ወይም ባትመልሺልኝ አልናገርም፤ ያን ንጹሑን አራት ገጽ ግን ዳግመኛ አላነብም። በዚህ ዙር እወድቃለሁ፣ ለሚቀጥለው እመዘገባለሁ። ሥራውን አልተወውም። ይቅርታሽን ከዚህ ጋር አላያይዘውም፤ እሱ በራስሽ ጊዜ የሚሆን ነው፣ ላይሆንም ይችላል። ለጋሼ ልትይ የምትፈልጊው ካለ ግን ዕድሜያቸውን አስቢ።

ወደ ገነነ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ያለ ደብተር። መልእክት ተሰጥቶኝ አረቄ ቤት ቀርቼ እኅቴን አስለቅሻለሁ፣ እስካሁንም አልነገርኋትም አልሁት። ወፍጮውን አጥፍቶ አብሮኝ ተቀመጠ፤ እኔም ዝም ብዬ መቀመጥ እንደምችል ያን ዕለት ተማርሁ። ደብዳቤ እየጻፍሁ እንደሆነ ስነግረው፣ «የጻፉት ሲላክ እኔም ጤና ጣቢያው እሄዳለሁ» አለኝ። ትናንት ደግሞ የት እንደሚላክ ጠየቀኝ። ፖስታ ቤት ስለው፣ «እዚያ መንገድ ላይ ሦስት አረቄ ቤት አለ፤ አንቱ ደግሞ መልእክት ተሰጥቶዎት ሲሄዱ አይታመኑም። ነገ ወፍጮዬን ዘግቼ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለኝ። እያሾፈብኝ ነው፤ እውነቱን ግን እዚያ መንገድ ላይ ብቻውን ማለፍ የሚያቅተው እሱ ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን፣ አልተነጋገርንበትም። ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ከታች አንድ መስመር እንዲጽፍ ቦታ ትቼለታለሁ። እንዴትም ይጻፈው፣ አላርመውም።

ሠርክአዲስን በጣም አድርጌ እንደምን አለሽ እላለሁ፤ ይህን ለአንቺ ጮክ ብላ ካነበበችው፣ በአጎቷ ላይ መፍረድ መብቷ ነው። ለባለቤቷ ለወንዳወቅ ሰላምታዬ ይድረስ። የልጅ ልጅሽን እንቁን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝ የሐይቁ ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ነው። ከእህተ ማርያም የማያልቅ ሰላምታ፤ ለቁርጥማትሽ ያዘጋጀችው ቅባት ሰው ሲገኝ ይላካል። ለአንቺም፣ እማ ዘንድ ላልደረስሽው እኅቴ፣ የተላክሁበትን ቃል ከሃያ ዓመት ከስድስት ወር በኋላ ይኸው፦ እማ ትፈልግሻለች፣ ቶሎ ድረሺ ብላለች።

ወንድምሽ ገብረሰንበት
ፍኖተ ሰላም
ግንቦት ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ፖስታ ቤት ደርሰናል። መመር የትም አልቆሙም። እኔም አልቆምኩም። ገነነ