የፀጋዬ ጆሮ

ይድረስ ሐዋሳ ለሚኖሩት ለጋሼ ወልደማርያም። ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛም ሸዋ ሮቢት በእግዚአብሔር ቸርነት አለን።

ዘንድሮ ማሽላው አምሯል። ወንድምዎ ፀጋዬን ግን ወፍጮ ቤት ሲሠራ የጀመረው የጆሮ ጩኸት ቀንም ሌትም አልተወውም። ሐኪም ያዘዘለት የመስሚያ መሣሪያ መጀመሪያ ጩኸቱን አስታግሶለት፣ ከልጃችን ከናርዶስ ጋር ይጫወት ነበር። አሁን አውልቆ አስቀምጦታል። "አድርገው እንጂ" ስለው፣ "ከእንግዲህ ለእኔ አትድከሚ" አለኝ።

የሚሳሳላትን አህያውን ለጎረቤት በነፃ ሰጠ። ናርዶስንም "እናትሽን አደራ" ሲላት ሰማሁ። እኔ ሙቀቱን ሰበብ አድርጌ ገበያ መሄድ ትቼ ከጎኑ እውላለሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያሉትን በዚህ ሳምንት ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። እንደጻፍኩልዎ አይንገሩት።

እግዚአብሔር ሁላችንንም በሕይወት ያገናኘን።

የወንድምዎ ባለቤት፣ አሰገደች