የማሚቴ አፍንጫና የቅዳሜ ወይኖቻችን

የተከበሩና የምወድዎ እማዬ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለዎት ወይስ እንደ ልማዱ ያኮርፋል? የዓይን ጠብታውን ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው? ለሌላው ሐኪም፣ ለራስዎ ግን ቸልተኛ መሆንዎን ስለማውቅ ነው አጥብቄ የምጠይቀው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም። ልጅዎ ማሚቴ ለጊዜው ጎረቤት ሄዳለች። ሳትመለስና ይህ ይሰረዝ፣ ያ ይቅር ሳትለኝ ላሽገው ስለፈለግሁ ጽሕፈቴ ቢጣደፍ ይቅር ይበሉኝ።

በቀደም እኛ ዘንድ ሰንብቶ የሄደው የአክስቷ ልጅ ምን እንዳለዎት ሰምቻለሁ። መስኮታቸው ላይ የወይን ጠርሙስ እንደ ወታደር ተሰልፏል፣ ማሚቴ መጠጥ ለምዳለች ብሎ አስደነገጠዎት አሉ። እርስዎም ያ ሊፍት ጠጋኝ ልጄን ምን አስተማራት ብለው እንቅልፍ አጡ። እማዬ፣ ጠርሙሶቹስ እውነት ናቸው። የደረደርኳቸውም እኔው ነኝ፤ የደረደርኳቸው ግን ስለምኮራባቸው ነው። ነገሩን ከመነሻው ልንገርዎ።

አምና ብርዱ ሲጠና ማሚቴን ከባድ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሏት እንደነበር በስልክ ነግረንዎታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እንዳይጨነቁ ብላ አስምላኝ ደበቅንዎ። ትኩሳቱ ሲለቃት ማሽተትንም ይዞባት ሄደ። ሳሙናው፣ ሽንኩርቱ፣ ግሪስ የጠገበው የሥራ ልብሴ፣ ሁሉም ለእሷ እንደ ውሃ ሆነ። ስጎርስ ወረቀት የማኝክ ይመስለኛል ትለኝ ነበር። ሌላ ሰው ይችለው ይሆናል፤ ምግብ በማብሰል የምትኖር ሴት ግን በምን ትቻለው?

አንድ ቀን በምትሠራበት ምግብ ቤት የሾርባው ድስት ሥሩ ሲያር አጠገቡ ቆማ አላወቀችም። ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት ነው የነቃችው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ሠራተኞቹ ጄኔራሏ የሚሏት ሴት፣ አልተቆጣቻትም፤ እስኪሻልሽ አትክልት ክተፊ፣ ሰሃን እጠቢ አለቻት። ማሚቴ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር እያለች አለቀሰች። ሐኪሙም ሊመለስልሽ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ብቻ በየቀኑ ልዩ ልዩ ነገር እያሸተትሽ ተለማመጂ ብሎ ሸኛት። እሷ ግን የቅመም ብልቃጥ በከፈተች ቁጥር ምንም ሽታ ስታጣ ሆድ እየባሳት ልምምዱን ጠላችው።

አንድ ቅዳሜ እንግዳ ነበረብንና ወይን ልንገዛ ሰፈራችን ካለው መሸጫ ገባን። ስለ ወይን የምናውቀው ቀይና ነጭ መሆኑን ብቻ ነበር። ባለሱቋ እንድትቀምስ ብላ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አድርጋ ለማሚቴ ዘረጋችላት። ማሚቴም ለእኔ አይባክን፣ አፍንጫዬ ሞቷል አለቻት። ሴትዮዋ ከንፈሯን አልመጠጠችም። እንግዲያው አንቺ እዚህ ብዙ ሥራ አለብሽ፤ እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ፤ ካገኘሽው እሰየው፣ ካላገኘሽውም ወይን ነው አለቻት። ማሚቴ ከታመመች ወዲህ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀምሰን የማናውቀውን አንድ ጠርሙስ መግዛት ልማዳችን ሆነ። በተራ ነው የምንመርጠው። እኔ ላዩ ላይ ባለው ሥዕል እመርጣለሁ፤ እሷ ግን የት በቀለ፣ ፀሐይ ያገኛል ወይ፣ በርሜል ውስጥ ተኝቷል ወይ እያለች ባለሱቋን በጥያቄ ታደርቃታለች። ቤት ስንገባ ትንሽ ትንሽ ቀድተን ዓይናችንን ጨፍነን እናሸታለን። እኔ አዲስ ጫማ፣ እርጥብ ሣር፣ የሊፍት ገመድ እያልኩ ስቀባጥር እሷ በሳቅ ትፈነዳለች። ያንተ አፍንጫ ጤነኛ ሆኖ ነው እንዲህ የሚዘባርቀው ትለኛለች። ተራዋ ሲደርስ ግን ምንም የለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች። የተረፈውን ከጎረቤታችን ከአውቶቡስ ሾፌሩና ከባለቤቱ ጋር እንካፈለዋለን፤ ስለዚህ እማዬ፣ ስለ ስካሩ አይስጉ።

ወራት እንዲሁ አለፉ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። ደክሟት ከሥራ ብትመጣም ተነስ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ትለኛለች።

በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ ነጭ ወይን ላይ አፍንጫዋን ደፍታ ቆየችና የብርቱካን ልጣጭ አለች። ድምጿን ከፍ ብታደርገው የሚበርባት ይመስል በሹክሹክታ ነው ያለችው። ልታጽናናኝ መስሎኝ አላመንኳትም። ዓይኗን በሻርፕ አስሬ ውሃውንና ወይኑን እያቀያየርኩ አቀረብኩላት። አንዴም አልሳተች። ሻርፑን ስፈታው በእንባ ርሷል።

ከዚያ ቁንዶ በርበሬው፣ እንጆሪው፣ እንጨቱ አንድ በአንድ ተመለሱላት። የእኔም ካልሲ አብሮ ተመለሰና ከቤት ሊያስወጣኝ ነበር! እርግጠኛ ስትሆን ወደ ጄኔራሏ ሄዳ ወደ ምድጃዬ መልሺኝ፣ ካላመንሽኝ ፈትኚኝ አለቻት። እኔ ፈቃድ ጠይቄ በጓሮ በር በኩል ቆሜ አይ ነበር። ጄኔራሏ ጎድጓዳ ሳህኖች በጨርቅ ሸፍና ደረደረችላት። ማሚቴ እያሸተተች ስማቸውን ጠራች። መጨረሻው ላይ ቆመች፣ ደጋግማ አሸተተችና ይሄኛው ገና አልመጣልኝም፣ አልዋሽሽም አለች። ቀረፋ ነበር። ጄኔራሏ ግን ሽርጧን ከመስቀያው አውርዳ አንገቷ ላይ አጠለቀችላትና ያልሸተተሽን ሸተተኝ ካላልሽኝ እኔም አምንሻለሁ፣ በይ ሾርባው ይጠብቅሻል አለቻት። ወጥ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እዚያው በር ላይ እንደ ሕፃን አነባሁ፤ ሚስቴ ናት፣ ሚስቴ ናት እያልኩ ለዕቃ አውራጆቹ ሁሉ ተናገርኩ።

ዛሬም ቅዳሜን አልተውናትም። አሁን የምንገዛው ለመድኃኒት ሳይሆን ደስ ስለሚለን ነው። ባለፈው የመረጥኩት ኮምጣጤ ሆኖ ሥጋ መዘፍዘፊያ አደረገችው። የእሷን ግን ሾፌሩ ቀምሶ ዝም አለ፤ እሱን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም።

እማዬ፣ ይህን የነገርኩዎን እንዳታውቅብኝ። በዚያ ክፉ ጊዜ የሚያስፈራት ሥራዋን ማጣቷ ብቻ አልነበረም። አገር ቤት ሄጄ እናቴን አቅፌ አንገቷን ስስም ምንም ባይሸተኝስ ትለኝ ነበር። ፈቃድ ወስደናል፤ በመጪው ወር እንመጣለን። ስታቅፍዎ ቶሎ አትለቅዎትም፤ እርስዎም አይልቀቋት።

ለፀጉር አስተካካዩ ወንድማችን፣ ወሯ ለገባው ባለቤቱ፣ ለመንትዮቹ፣ ግድግዳ ለምትጋራዎት ለጡረተኛዋ አዋላጅ ሰላምታዬን አንድ በአንድ ያድርሱልኝ። የእርስዎን ጉልበት ስሜ እሰናበታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ፣ የማሚቴ ባል

ከቤታችን፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቅዳሜ ኅዳር ፲፬ ቀን