ጥበቃው ይጠናከር

ሰኞ፣ የካቲት 10
ከመሥሪያ ቤቴ መጥተው ደኑን በሽቦ አጥረው በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉበት። ማንም አልነገረኝም! ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ ያለውን ይህን ደን አብረውኝ የሚጠብቁት እዚያው ተራራ ላይ የተወለዱት እማማ ጫልቱና ጎረቤቶቻቸው የሆኑ ሴቶች ናቸው። ውላችን ቀላል ነበር። የባሕር ዛፉን ደረቅ ቅጠል ጠርገው ለማገዶ ይወስዳሉ፤ ከሥር የሚበቅለውን ጽድና ወይራ አይነኩም፣ ፍየልም አያስገቡም። ቅጠሉ ከተጠረገ እሳት የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጽዶቹ ወገቤ ደርሰዋል።

ለኃላፊዬ ደወልኩ። «ስብሰባ ላይ ጥበቃው ይጠናከር ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ። እኔ ያልኩት ሴቶቹ የሚጠብቁትን ጥበቃ ነው! እሱ ዩኒፎርም የለበሰ ዘበኛ ማለቴ መስሎት ቀጠረ።

ማክሰኞ
ዘበኛው እማማ ጫልቱን ከበር መለሳቸው። ቅጠል የሚያስሩበትን ገመዳቸውንም ቀማቸው። ቤታቸው ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ፊት ግን አልሰጡኝም።

«ጥበቃ ስትዪ እኛን መስሎኝ ነበር፣ ልጄ» አሉ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ምስር ይለቅማሉ።

ሐሙስ
ንፋስ። ቅጠሉ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ዘበኛው ከበሩ ንቅንቅ አይልም፤ ፍየሎቹ በታችኛው ጥግ በሽቦው ሥር ሾልከው ገብተው የወይራውን ለጋ ግጠውታል። የሚያስፈልገኝ፦ ዝናብ፣ የሚሰማ ኃላፊ፣ የእማማ ጫልቱ ይቅርታ። አንዱም የለም። ኃላፊዬ «ታገሺ፣ እናያለን» ይለኛል። ጌታ ሆይ ብዬ መጸለይ ጀመርኩና ተናድጄ ተውኩት።

ዓርብ
ተቃጠለ።

ረፋዱ ላይ ዘበኛው ደወለ፣ ብቻውን ነው። ዳገቱን እየሮጥኩ ለእማማ ጫልቱ ደወልኩ። «እሳት!» ከማለት ሌላ አልወጣኝም። ስልኩን ዘጉት። አለቀልን አልኩ።

ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሽቦውን ረግጠው ሲመጡ አየሁ፤ እሳቸውም፣ ሴቶቹም። በእርጥብ ቅርንጫፍ እየደበደቡ፣ አፈር እየበተኑ አጠፉት። ዘበኛውም አብሯቸው። የታችኛው ጥግ ጽዶች ግን ከሰል ሆነዋል። እማማ ጫልቱ አንዱን ዳሰሱት፣ ዞረው እኔ ላይ ጮኹብኝ። ስድቡን አልጽፈውም። ደስ አለኝ፤ የገደለኝ ዝምታቸው ነበር።

ቅዳሜ
ኃላፊዬ ደወለ። «ማን አስገባቸው?» ስለ ጽዶቹ አንድም ነገር አልጠየቀም።

ቀጥለው እማማ ጫልቱ ደወሉ። «ሰኞ ቅጠሉን ልንጠርግ እንምጣ ወይስ አንምጣ? ቁርጡን ንገሪን።»

ፈቃድ የለኝም። የሚሰጠኝም ያለ አይመስለኝም። «ኑ» አልኳቸው፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝስ? የቤት ኪራዩስ? ፈርቻለሁ። ግን ኑ ብያለሁ።