ስለ ዘጠኙ ረቂቆች፣ ለኢሜይል አገልግሎቱ ኃላፊ

ለተከበሩ የኢሜይልና የቀን መቁጠሪያ አገልግሎት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የእነዚያን ዕረፍት የማያውቁ ማሽኖችዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ሌላው ሁሉ ግን እንደነበረ አይደለም።

«በጥቂት ደቂቃ ይጀምሩ» በሚለው መመሪያዎ የጀመርነው እኔና ባለቤቴ ነበርን። ልጃችን ለየብቻ አድራሻ ላውጣላችሁ ብትለን ሳቅንባት። እኛ ዕድሜያችንን በአንድ የፖስታ ሳጥን የኖርን ነን፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ለባለቤቴ የቀረጽኩላትም እኔው ነኝ። ስለዚህ አንድ አድራሻ፣ አንድ የይለፍ ቃል ይበቃናል አልን።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ታመመችና ለቀዶ ሕክምና ሌላ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነባት። አብረን እንሂድ አለችኝ። እኔ ግን የአንድ አዲስ ሕንጻ የአርባ በር ቁልፍ ሥራ ተረክቤ ነበርና፣ ሱቄን ዘግቼ የት ልሂድልሽ ብዬ ተቆጣሁ። ስትወጣ ተሰናብታኛለች። ከሥራዬ ቀና ብዬ ያላየኋት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የመመሪያዎ አራተኛ እርምጃ «አዲስ ነገር ሁሉ ገቢ መልእክት ውስጥ ያገኙታል» ይላል። አምኜ በቀን ሦስቴ፣ ለአሥራ አንድ ቀን ከፈትኩ። እርስዎም ሳይሰለቹ፣ የምትስቅ ፀሐይ ሥለው «ሁሉንም አንብበው ጨርሰዋል፤ መልካም ቀን!» አሉኝ። እህቷ ጋ ስደውል «ተኝታለች፤ ደግሞስ ጽፋልህ የለም እንዴ?» ትለኛለች። ሄጄ እከፍታለሁ፤ ያችው ፀሐይ። አኩርፋ ነው እንጂ ምን ጻፈች ብዬ እኔም አኮረፍኩ፤ መደወሉንም ተውኩ። በስተርጅና እንዲህ ያለ ኩርፊያ እንድንኮራረፍ ስለረዱን እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ፦ የቀን መቁጠሪያዎ እንከን አይወጣለትም። ሐሙስ ዕለት ከረፋዱ ላይ ደውሎ «የሕንጻው ቁልፎች ርክክብ» ሲል አስታወሰኝ። በሰዓቱ ደረስኩ፤ አርባውንም በር አንድ በአንድ ከፍቼ ዘግቼ አሳየሁ፤ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ሳላስቀምጥ ልጄ ደወለች። እናቷ ከቀዶ ሕክምናው አልነቃችም። የእሷም ቀጠሮ ለሐሙስ መሆኑን እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

፫ኛ፦ ከቀብሩ በኋላ ልጄ አካውንቱን ስትመለከት «ረቂቅ» በሚል ስም ጥግ ላይ የተቀመጠ ሣጥን አገኘች። ውስጡ ዘጠኝ ደብዳቤ ነበር፤ ተቀባይ የሚለው ቦታ በሁሉም ላይ ባዶ ነው። እንግዲህ ለማን ትላከው? አድራሻው የራሳችን ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ጽፋልኝ እንደምትሄደው፣ እህቷ ቤት ሆና ያንኑ አካውንት እየከፈተች ጽፋ ትታልኝ ሄዳለች። በመጀመሪያው መድኃኒቴን ከምሳ በኋላ እንዳልረሳ ታስጠነቅቀኛለች። በአምስተኛው «ለሐሙስ ቀጥረውኛል፤ አንተ በር ላይ ከቆምክልኝ አልፈራም» ትላለች። ዘጠነኛው አንድ መስመር ነው፦ «አሁንም እንደተቆጣህ ነህ?»

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። መመሪያዎን ሰሞኑን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ስለ ረቂቅ የሚናገረው ሰባተኛው እርምጃ ላይ ነው። እኔ አራተኛው ላይ ቆሜያለሁ። መቼም ለፀሐይ ሥዕል የሚሆን ቦታ ከተገኘ፣ ከጎኑ «ዘጠኝ ያልተላኩ ደብዳቤዎች አሉ» ለሚል አንድ መስመር ቦታ ይጠፋል አልልም። ቢሆንም ሱቅ መዝጋት ስችል ያልዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህን በማንም ላይ አላላክክም፤ ያንገበግበኛል።

፬ኛ፦ ባለፈው ሰኞ ደግሞ የመልእክት ሣጥንዎን እናጽዳልዎ ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ተቀባይ የሌላቸው ረቂቆች በሠላሳ ቀን ውስጥ ይሰረዛሉ፤ ማቆየት የፈለገ ይላካቸው ትላላችሁ። ታዝዤ የመጀመሪያውን ወደራሳችን አድራሻ ላክሁ። ወዲያው ገባ። «ላኪ፦ እርስዎ። ቀን፦ ዛሬ» ይላል። እሷ የጻፈችበት ቀንና ሰዓት ከላዩ ጠፋ፤ መድኃኒትህን አትርሳ የምትለው ባለቤቴ መሆኗ ቀርቶ እኔው ለራሴ የጻፍኩት ሆነ። የቀሩትን ስምንቱን አልነካሁም። ልጄ በወረቀት አትማ ሰጥታኛለች፤ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። እኔ የምለምነው ግን ስምንቱ እሷ ባስቀመጠችበት ቦታ፣ እሷ ባስቀመጠችበት ሰዓት እንዲቆዩልኝ ነው። የሚይዙት ቦታ ብዙ አይደለም።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለፀሐይዋም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ትሑት ደንበኛዎ፣
ቁልፍ ቀራጩ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ለመስጠት ፈቃድዎ ከሆነ በመላክ አይድከሙ። ጽፈው ረቂቅ ውስጥ ይተዉልኝ፤ አሁን በየቀኑ የምከፍተው እሱን ነው።