ከክንድ ወደ ራስ፦ የሲስተር «አንዴ ቆዩኝ» የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ከአናጢው አባታቸውና በሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከሆስፒታሉ የኋላ አጥር ጋር የተጣበቀች ስለነበረች በመስኮቷ ቀኑን ሙሉ የተሰጣ ነጭ አንሶላ ይታይ ነበር። ልጅ ሳሉ አባታቸው የሠሩላቸውን ትንሽ ወንበር ይዘው እናታቸው ከሥራ እስኪወጡ በልብስ ማጠቢያው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። የሚያልፉ ነርሶች «አንቺ ደግሞ ዛሬም ተረኛ ነሽ?» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ታላቅ ወንድማቸው ያስታውሳሉ። እሳቸው ግን ቀልዱን እንደ ቅጥር ወሰዱት።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በሒሳብ ብዙም አልተመሰገኑም፤ ይህን ራሳቸውም አይደብቁም ነበር። በእጅ ጽሑፍ ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። ከዚያም ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገብተው በ1974 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁና በልጅነታቸው ደጁን ሲጠብቁ ባደጉበት ሆስፒታል ተቀጠሩ።

መጀመሪያ በሴቶች ክፍል፣ ቀጥሎም በላቦራቶሪው የደም መቅጃ ክፍል ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። ደም ሥር በማግኘት የሚወዳደራቸው አልተገኘም። ሌላው ሰው ዓይን ወይም ጥርስ ሲያደንቅ እሳቸው የሚያደንቁት ክንድ ነበር። ሰላም ስንላቸው እጃችንን ገልበጥ አድርገው ያዩና «እንዴት ያለ ደም ሥር ነው! ዓይኔን ጨፍኜ እቀዳዋለሁ» ይሉን ነበር። ሙገሳ መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው። ወረፋ የበዛ ቀን በሩን ገርበብ አድርገው «አንዴ ቆዩኝ!» ይላሉ፤ ያቺ «አንዴ» ግን ማለቂያ አልነበራትም። መርፌ የፈራ ሰው ከመጣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጎረቤቱ ሐሜት ሳይቀር አጫውተው ሳያረጋጉት አይነኩትም። «ሲስተር አንዴ ቆዩኝ» የሚለው ስም ከዚያ ወረፋ ወጥቶ ሰፈር ገባ። ሰፈር ከገባ በኋላም ይበልጥ እውነት ሆነ፤ አብረናቸው ገበያ ለመሄድ በራቸው ላይ የቆምን ሁሉ ምስክሮች ነን።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያችው ክፍል ነው። የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑት ባለቤታቸው መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የደም ምርመራ ታዘው መጡ፤ መርፌውን ገና ሲያዩ ከወንበሩ ተንሸራተው ወደቁ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ከራስጌያቸው ሆነው «ያን ሁሉ ሰው ጭነው እየነዱ ይቺን ይፈራሉ?» ያሏቸው ሲስተር ነበሩ። ሾፌሩ በማግስቱ ደህና መሆናቸውን ሊናገሩ ተመልሰው መጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ደህና ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ደህንነታቸውን ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም ይባላል። በ1980 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ያኔ ሾፌሩ የሚበጠር ፀጉር ነበራቸው። የማያምን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶ ይመልከት።

በትዳራቸውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ወንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን፣ የሰፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር እናቱ «ልጄ መጣ፣ ልጄ መጣ» እያሉ ገና ሳይሠራው ያስጨበጭቡለት ነበር። ሴቷ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለች ግን ቤቱን ከባድ ነገር ገጠመው። ፀጉሯ ከመሐል አናቷ ወደ ፊት እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ ማበጠሪያው ላይ፣ ከዚያ ትራሷ ላይ፣ በኋላም ገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ይገኝ ጀመር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ልጅ «እዚህ ጋ አዲስ መንገድ ወጥቷል» አለና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ቤቷ ገባች፤ የመኝታ ክፍሏን በር ዘጋች፤ ትምህርቷንም እርግፍ አድርጋ ተወች።

ሲስተር ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። እንቁላል ቀቡ፣ ዘይት አሞቁ፣ ሽንኩርት ጨመቁ። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶች የሽንኩርቱን ወራት መቼም አንረሳቸውም። ሾፌሩ «ከእኔ ነው የወረሰችው» እያሉ ቤት ውስጥ ባርኔጣ ማድረግ ጀመሩ፤ ምናልባት በሯ ከተከፈተ ራሳቸውን አይታ እንዳትከፋ ብለው ነው። ሲስተር ግን እኛን ባገኙን ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ፀጉሩ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣም ይቅር። ልጄ ብቻ ከዚያ ክፍል ትውጣልኝ።»

በዚህ መካከል ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ የቆዳ ሐኪም ነበር። ተማሪ ሳለ ደም መቅዳት ያለማመዱት ሲስተር በመሆናቸው እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት። ስለ አዲሱ የፕላዝማ ሕክምና የነገራቸው እሱ ነው። ከታካሚው ክንድ ጥቂት ደም ይቀዳል። ደሙ በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ይዘቅጥና ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። ከዚያም ቁስል እንዲሽር የሚረዱት ፕሌትሌቶች የበዙበት ክፍል ተለይቶ ፀጉሩ በሳሳበት ቦታ ላይ በቀጭን መርፌ ይወጋል። «ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም፤ የእሷ የፀጉር ሥር ስላልሞተ መሞከር ይቻላል» አላቸው። ሲስተር ሳይጨርስ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እንካ፣ ከእኔ ቅዳ።»

«የእርስዎ አይሆንም ሲስተር። የራሷ ደም መሆን አለበት።»

«እናቷ አይደለሁም እንዴ? የእኔ የእሷ ነው።»

«ለዚህ አይደለም፤ የራሷ ብቻ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ደም ሲቀዱ የኖሩ ሴት ይህ ጠፍቷቸው አልነበረም። ለልጃቸው የሚያስፈልግ ነገር ኖሮ ከእሳቸው ዘንድ ሲታጣ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ስለሆነ ነው።

ያንኑ ቀን እየሮጡ ቤት ገብተው በተዘጋው በር ፊት ቆሙና «ልጄ፣ መድኃኒት ተገኘ! በራስ ደም ነው!» ብለው ጮኹ። ከውስጥ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፤ በሩ በሁለተኛ ዙር ተቆለፈ። ሲስተር ተስፋ የቆረጠች መሰላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለማግባባት ያላሉት የለም። «ከራስ ደም የተሻለ ምን አለ? ሁሉም ከራስ ነው፤ ከማንም አይመጣም!» ይሏት ነበር።

ምሥጢሩን የፈቱት ሾፌሩ ናቸው። አንድ ቀን ምሳዋን ይዘው በሩን ሲያንኳኩ ከውስጥ «አባዬ፣ ራሴን አላስበሳም በላት! ያለችዋንም ፀጉር ሊጨርሱልኝ ነው?» የሚል የለቅሶ ድምፅ መጣ።

«ማነው ራስሽን የሚበሳው?»

«ከራስ ነው ደሙ የሚቀዳው ትል የለ?»

«ኧረ ከክንድ ነው! የራስሽ ነው ያለችው፤ ያንቺ ማለቷ ነው!»

«ታዲያ ያንቺ አትልም ነበር?»

ከበሩ ወዲያ ለወራት ያልተሰማ ሳቅ ተሰማ። ወጥ ቤት የነበሩት ሲስተር ሳቁን ሰምተው ማማሰያቸውን እንደያዙ መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው እሳቸውም ሳቁ፤ ሆኖም ሰው ማታለል አያውቁበትምና በሩን ተደግፈው ቀሪውንም ነገሯት። «የሚቀዳው ከክንድሽ ነው፤ ተመልሶ የሚወጋው ግን ራስሽ ላይ ነው። ያማል፣ አልዋሽሽም። ላይሠራም ይችላል።» ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በሩም ተከፈተ። ሾፌሩ ባርኔጣቸውን ማድረግ ረስተው ስለነበር ልጃቸው መጀመሪያ ያቀፈችው ራሰ በራውን አባቷን ነው።

የሕክምናው ቀን ሲስተር የልጃቸውን ክንድ በጎማ አሰሩ፤ በአልኮል ጠረጉት፤ መርፌውንም አነሡ። ግን መልሰው አስቀመጡት፤ ደግመው አነሡት፤ መልሰው አስቀመጡት። ደም ሥሩ ጠፍቷቸው አይደለም፤ እንደ ገመድ ጎልቶ ይታይ ነበር። ልጅቷ እጃቸውን አየች፤ ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «እማዬ፣ ውጪ አንዴ ቆዪኝ» አለቻቸው። በገዛ ቃላቸው ከገዛ ክፍላቸው ተባረሩ። ኮሪደሩ ላይ ከታካሚዎች ጋር ተሰልፈው መቀመጫ እንዳጣ ሰው የቆሙት የዚያን ቀን ብቻ ነው ብለው የሥራ ባልደረቦቻቸው አጫውተውናል።

በየወሩ እየተመላለሰች ቆይታ ፀጉሯ ከፊት በኩል ሞላ፤ አናቷ ላይ ግን እንደ ሌላው ሰው አልሆነም። ሐኪሙ «ይህም ጥሩ ነው፤ ግን እንዲቆይ አልፎ አልፎ መደገም አለበት» አለ። ሲስተር ልጃቸውን መስኮት አጠገብ አስቀምጠው በማጉያ መስታወት አዲስ የበቀለ ይፈልጉ ነበር፤ ሲያገኙም እኛን ጠርተው ያሳዩን ነበር። ባናይም አይተናል እንላለን። ልጅቷ ወደ ኮሌጅ ተመለሰች፤ ተመረቀች፤ መምህርትም ሆነች።

ሲስተር በ2008 ዓ.ም. ቀደም ብለው ጡረታ ሲወጡ ከሐኪሙ ጋር ከሰፈራችን ጫማ ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይህንኑ ሕክምና፣ ለፊት ጥራትም ጭምር፣ ለሕዝብ መስጠት ጀመሩ። ማስታወቂያውን ራሳቸው በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው «በራስ ደም የፀጉርና የፊት ሕክምና» ብለው ጻፉት። ሰው ቆም ብሎ ያነባል፤ አናቱን ዳበስ ያደርጋል፤ ይሄዳል። ልጃቸው አንድ ቀን አይታው «እማዬ፣ እኔን ያስቆለፈኝን ቃል አደባባይ አወጣሽው?» ስትላቸው ነው የነቁት። ከሥሩም «ደሙ የሚቀዳው ከክንድዎ ነው» የሚል ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ሰው መጣ። አንድ አዛውንት ብቻ «ክንዴ ላይ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጠይቀዋል ይባላል።

በእነዚያ ሁለት ክፍሎች ሲስተር ከተቀበሉት የማይተናነስ ሰው መልሰዋል። ራሱ እንደ እንቁላል የሆነ ሰው ሲመጣ በጣታቸው ዳብሰው «ወንድሜ፣ እዚህ ሥር የለም። ጥሩ ባርኔጣ ይግዙ» ይሉታል። የገዛ ባለቤታቸውንም በዚሁ ቃል ነው ያሰናበቷቸው፤ ሾፌሩም እስከ ዛሬ ይህን እንደ በደል ያነሡታል። ለፊቷ ጥራት የመጣችን ሙሽራ «ለሠርግሽ ዋዜማ? ቲማቲም መስለሽ ልትገቢ ነው? ቀደም ብለሽ ነይ፣ አለበለዚያም ፊትሽ ምንም አልጎደለው» ብለው መልሰዋታል። ይህን ያወቁት በገዛ ፊታቸው ላይ ሞክረው ነው። ያን ሰሞን ፊታቸው ቀልቶና አብጦ ጥቁር መነጽር አድርገው ሲወጡ አግኝተናቸው «ሲስተር፣ ምን ነካዎት?» ብንል «ወጣት እየሆንኩ ነው፤ አታቋርጡኝ» ብለውናል።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸናባቸውና ለብዙ ጊዜ ተመላልሰው ሆስፒታል ተኙ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ስትሮጥ የራሷን ሕክምና አቋረጠች። ፀጉሯ ተመልሶ ሳሳ። ሲስተርን ከሕመማቸው በላይ ይህ በላቸው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ የእኛን ጥያቄ ሳይመልሱ «ተመልሳ ትዘጋብኛለች፤ እኔ ከሌለሁ በሩን ማን ያንኳኳል?» ይሉን ነበር። ሐኪሙንም አልጋቸው ድረስ አስጠርተው ቀጠሮ እንዲይዝላት ለምነውታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከክፍል ወጥታ መጣች። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣዋለች፤ የሳሳው ሁሉ በግልጽ ይታያል። ሲስተር ቀና ለማለት ሞከሩ።

«እንዲህ ሆነሽ ነው ክፍል የገባሽው?»

«እንዲህ ሆኜ። አንዷ ‹ቲቸር፣ አምሮብሻል› አለችኝ። አንዱ ግን ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«የቤት ሥራ ሰጠሁት። ከባዱን።»

ሲስተር እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ነርሷ ደንግጣ መጣች። ልጃቸው ጎንበስ አለችላቸውና በመዳፋቸው ያንን አጭር ፀጉር ወደፊትም ወደኋላም አሻሹት፤ ደስ ብሏቸው ቆዩ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቀጠሮው አንድም ቀን አላነሡም። ጭንቀታቸው ሁሉ ሾፌሩ ምሳ መብላታቸውና አለመብላታቸው ላይ ሆነ።

ሲስተር በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንደ ልጅ ያዩትን ሐኪምና ክንዳችንን ያደነቁልንን ጎረቤቶች ሁሉ በሐዘን ትተውን ሄደዋል።

ይህን ታሪክ ቤተሰቡን ጠይቄ የጻፍኩት እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ማን ያንብበው ሲባል ሁላችንም ድምፁ ጎላ ያለውን ወንድ ልጃቸውን አስበን ነበር። «እኔ ነኝ የማነበው» ያለችው ሴት ልጃቸው ናት። እናም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በአጭር ፀጉሯ ቆማ እስከ አሁን ስትሰሟት የቆያችሁት እሷን ነው። ስለ እሷ የተጻፈውን ልትዘል እንደምትችል ስለጠረጠርን ወንድሟ በሁለተኛው ቅጂ ቃል በቃል እየተከታተላት ነው።

እጃቸው ሰው ሳያሳምም የኖረውን እናታችንን ፈጣሪ በለሰለሰ እጁ ይቀበልልን። ለሾፌሩ ብርታት፣ ለልጆቻቸው መጽናናት ይስጥልን። ለአንባቢያችንም ይህችን የመጨረሻ ቃል የምታደርስበት ድምፅ አያሳጣት። አሜን።