እናታችንን በሙቀት ያስቀመጣት ቆጣሪ

ውድ ወንድሜ ደመቀ፣

እንኳን ወደ አዲሱ ዓመት በሰላም አሸጋገረህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይ? ታደለችና ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኛ ተመስገን ነው፤ እማዬም ድናለች። እኔ ግን ንዴቴ አልበርድልኝ ብሎ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የመብራት ቢላችን በእጥፍ ጨመረ ብዬህ አልነበር? አብሮት የመጣው ወረቀት ደግሞ «ከጎረቤቶችሽ ይበልጥ ታባክኛለሽ» ይላል። አፍሬ አምፖሉን ሁሉ ቀየርኩ። ቢሉ ፍንክች አላለም። ያን ጊዜ በእማዬ ላይ ተነሳሁ። ቀን ቤት እየዋለች ማቀዝቀዣውን የምትከፍተው እሷ ናት ብዬ፣ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ጮኽኩባት። «ኤሲውን እኔ ሳልኖር እንዳትነኪው» አልኳት። «እሺ ልጄ» አለች።

በነሐሴ መጨረሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ በፀሐይ እንደ እሳት ሲነድ ከሥራ ብመለስ፣ ወለሉ ላይ ተዘርራ አገኘኋት። ሐኪሞቹ ሙቀቱ ነው አሉኝ። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችኝ ምን መሰለህ? «አልነካሁትም።»

አንተ በስልክ «ሁሉንም ነቅለሽ ቆጣሪውን እይው» ስትለኝ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ነቀልኩ። ቁጥሩ ግን ይሮጣል! ጎረቤታችን ካሌብ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ መጥቶ ቼክ አደረገልኝ። የእኔን መስመር ሲያጠፋው፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማድረቂያ ቀጥ አለ። ተከራዩ ሁሉ ሳንቲም እየከተተ የሚጠቀምበት ማሽን! ሳንቲሙን አከራዩ ይሰበስባል፤ መብራቱን እኔ እከፍላለሁ። ደውዬ ስጠይቀው «ኦ፣ የድሮ መስመር ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቀ፣ ደመቀ! እናቴ ሆስፒታል ተኝታ!

አልተውኩትም። ከሰስኩት፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ አየና መስመሩን አስቆረጠው። አከራዩም የወሰደብኝን ከኪራዩ ላይ እየቀነሰልኝ ነው።

እማዬን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምን አጠፋሽ?» አለችኝ። ትናንት ከሥራ ደውዬ «ኤሲውን ከፈትሽው?» ብላት «አዎ፣ ቀዝቅዞልኛል» አለች። ካሌብ ግን መስኮቱን ከፍታ በካርቶን ስታራግብ አይቷታል። በአከራዩ መናደዴስ ይሁን፤ ውሸት የማታውቀውን እናታችንን መዋሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እባክህ አንተ ደውልላት፤ የእኔን ቃል ፈርታዋለች።

ታደለችን ጉንጯን ሳምልኝ። ኖላዊን ለፈተናው በርታ በልልኝ። ለኤልያና አያቷ ሹራብ እየሠራችላት እንደሆነ ንገራት።

እህትህ ሰርካዲስ
ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.