ጋቢህን የለበሰው መስታወት

ለደሳለ፣ ለዓለሜ፤

ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና ግን ከሆስፒታል አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ስጠይቅ ከርሜአለሁ፤ አሁን ከዚያ ሁሉ ጭንቅ አርፈሃል ብዬ ስላመንኩ በቀጥታ ወደ ቤታችን ወሬ እገባለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ተዘክሯል፤ ሰቆጣንም ሰሞኑን ዝናብ ዳብሷታል። እኔ ደህና ነኝ። ጤና ጣቢያም እንደ ድሮዬ እሄዳለሁ፤ እናቶች መውለዳቸውን እኔም ማዋለዴን አልተውንም። እናትህም ደህና ናቸው። ከጽጽቃ ለለቅሶ እንደመጡ ቀርተዋል። መጀመሪያ አርባው ይውጣ አሉ፤ ቀጥሎ ሰማንያው፤ ከዚያ ሙት ዓመቱ። አሁን ምክንያት መፈለጉንም ትተውታል፤ እኔም አልጠይቅም።

ልነግርህ የተነሳሁት ግን ስለ ዓሣዎቹ ነው።

ለመስኮት የሚሆን መስታወት ልታመጣ አዲስ አበባ የሄድክበትን ጊዜ መቼም አትረሳውም። ከአውቶቡስ ስትወርድ ያን ሁሉ መስታወት ለረዳቱ ትተህ አንዲት ትንሽ ጀሪካን እንደ ሕፃን አቅፈህ መጣህ። ጎረቤቱ ሁሉ ዘይት ያመጣህ መስሎት ነበር። ከፍቼ ባይ አምስት ዓሣዎች፣ ከጥፍሬ ብዙም የማይበልጡ። እንደ ተከዜ ዓሣ ያለ ጠብቄ ስለነበር፣ እነዚህማ ለመጥበስም አይበቁ አልኩህ። እስከ ማታ አኮረፍከኝ። በማግስቱ ከሥራ የተረፈ መስታወት ቆርጠህ፣ በሲልከን አጣብቀህ ቤት ሠራህላቸው። ሁለት ጊዜ አፈሰሰ። የከተማውን መስኮት ሁሉ የሚገጥም ሰው አንድ ባልዲ ውሃ መያዝ አቃተው ብዬ ስቄብሃለሁ። በሦስተኛው ያዘልህ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጠብ አላለም።

ጉፒ የሚባሉት እነዚህ ዓሣዎች እንቁላል እንደማይጥሉ፣ ልጃቸውን ከነነፍሱ እንደሚወልዱ ስትነግረኝ አላመንኩህም። አንድ ቀን ጠርተኸኝ አየሁ። የሴቷ ሆድ ከታች ጠቁሮ አራት ማዕዘን ሆኗል። ከዚያ አንድ የተጠቀለለ ነገር ጠብ አለ፤ ተዘረጋና ዋኘ። እትብት የለ፣ ልቅሶ የለ። እንዲህ ከሆነማ አዋላጅም ከእንጀራዋ ወጣች ብዬ ሳልጨርስ እናቲቱ ዞር ብላ የወለደችውን ዋጠችው። ጮህኩ። አንተ ደግሞ ምንም ሳይመስልህ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በግማሽ ቆርጠህ፣ ጎኑን በጋለ ምስማር በሳስተህ፣ ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰቀልከውና የቀሩትን ጫጩቶች እየጨለፍክ እዚያ አስገባሃቸው። እሷ ልጅና ምግብ አትለይም፤ መለየት የኛ ፋንታ ነው አልከኝ።

ያን ቀን ሌላም ነገር ነገርከኝ። ሴቷ የወንዱን ዘር በሆዷ ታስቀምጣለች፤ ወንዱ ከሞተ በኋላም ለወራት ትወልዳለች አልክ። ውሸታም አልኩህ። ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር፤ ልጅ አልነበረንም። ሁለታችንም ሌላ ነገር አሰብን።

አንተ ከታመምክ ወዲህ ለዓሣ ጊዜ ያለው ሰው በቤቱ አልነበረም። ከቀብርህ ስመለስ የጠበቁኝ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ጭራው ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ቀዩ ወንድና አንዲት ሴት። በዚያ ሐዘን ውስጥ ስትወልድም ስትበላም ያየኋት የለም። ትእዛዝህን ግን ጠብቄ ነበር። የቧንቧው ውሃ መድኃኒት ስላለበት ሳላሳድር አልጨምርም፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውን በኩባያ እየጨለፍኩ ከላይ አወርድላቸዋለሁ፤ ሲበርድም መስታወቱን ጋቢህን አለብሰዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበር። ጋቢህ መስታወቱ ላይ ነበር። ልነካው ብዬ ጠጋ አልኩ፤ አሸተትኩት፤ ያኔም አንተን አንተን ይል ነበር። ገፍፌ ወሰድኩትና ለብሼው ተኛሁ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ቀን የጠገብኩት እንቅልፍ የለም። ጠዋት ስነሳ ቀዩ ወንድ በጎኑ ተኝቶ ተንሳፍፏል። ከአጥሩ ሥር ቀበርኩት። ለእናትህ አርጅቶ ነው የሞተው አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የቀረችው ያቺ ሴት ብቻ ናት። ያልከው ውሸት ከሆነ እሷ የሞተች ቀን መስታወቱ ባዶ ይቀራል፤ ከእጅህ ሥራ በሕይወት ያለው ነገር ያበቃል። ይህን እያሰብኩ በየቀኑ ሆዷን አይ ነበር። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሆዷ አራት ማዕዘን ሆነ፤ አንድ ጠዋትም ወለደች። አሥራ አራት። እየጨለፍኩ በጠርሙስህ ውስጥ አስገባኋቸው። እንቁላል ቀቅዬ አስኳሉን በጨርቅ አጥልዬ ሰጠኋቸው። እናትህ በጾም ቤቱ እንቁላል እንቁላል ሸተተ ብለው አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ቆዩ። ነጩን ለድመቷ ሰጠናት፤ በሁዳዴ የወፈረች እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ሥራ ሄድኩ።

ስመለስ ጠርሙሱ ባዶ ነው። አንድም የለም። ሴቷ ብቻዋን ትዞራለች።

እናትህን ጠየቅኳቸው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ደጋግሜ ስጠይቅ ያወጣሁት የራሴን ቃል ነው። ለካ እኔ ከሄድኩ በኋላ ቁጭ ብለው ሲያዩአቸው ውለዋል። እናት ከወዲህ፣ ልጆች ከወዲያ። አንጀታቸውን በሉዋቸው። "አራስ ከልጇ ትለያለች ወይ? አንቺስ ብትሆኚ ልጁን ከእናቱ ደረት አትለዩት እያልሽ አይደል የምትመክሪ?" አሉኝ። እውነት ነው፤ ያን ምክር ለጎረቤት አራስ ስሰጥ አጠገቤ ነበሩ። እናም ጠርሙሱን አዘንብለው ልጆቹን ከእናታቸው ጋር ቀላቅለዋቸዋል። የሆነውን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "የገዛ ልጇን? ያውም በሁዳዴ?" አሉ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ያን ቃል ሰምቼ ሳቄን አልችለውም ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። ክፉም አልተናገርኩም፤ ዝም አልኩ እንጂ። ዝምታዬ ከስድብ ሳይከፋቸው አልቀረም። በማግስቱ ጠዋት ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወደ ጽጽቃ ልሂድ አሉ። "ለልጄም አልሆንሁ፣ ለልጄ ዓሣም አልሆንሁ።"

ደሳለዬ፣ ያኔ ነው የጋቢውን ነገር የነገርኳቸው። ወንዱ በእርጅና አልሞተም፤ እኔ ነኝ ልብሱን የገፈፍኩት አልኳቸው። እናትህ ቆመው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። "ጋቢውንማ እኔው ነኝ የፈተልሁለት፤ ለዓሣ አልፈተልሁት። ደግ አደረግሽ" አሉና ቋጠሯቸውን ፈቱ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ አልደብቅህም። ካንተ ቀብር ወዲህ አብረን ያለቀስነው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠበቅን። ቀዩ ከሞተ ወር አልፎታል፤ ሴቷ አንድ ጊዜ ወልዳለች፤ ትደግም ይሆን? እናትህ ይህ ዘር የማስቀመጥ ነገር ባይገባቸውም፣ አንተ ብለኸዋል ካልኳቸው በኋላ ጥርጥር አልገባቸውም። እኔ ነበርኩ የምጠራጠረው። እሳቸው ከመስታወቱ ፊት በርጩማ አስቀምጠው እየፈተሉ ይጠብቋታል፤ በኽምጥኛም ያወሯታል። የማውቃት ኽምጥኛ ትንሽ ብትሆንም ልጆችሽን እንዳትነኪ እያሉ እንደሚመክሯት ገብቶኛል።

አንድ ወር አለፈ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። እናትህ ናቸው። "ቶሎ ድረሽ፤ ምጥ ይዟታል!" የሥራ ባልደረባዬ ማን ናት አለችኝ። የቤተሰብ ናት ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ እናትህ በእጃቸው የሻይ ማጥለያ ይዘዋል፤ ነጠላቸው እስከ ክርናቸው ረጥቧል። እየጨለፉ ሁሉንም ጠርሙሱ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ዘጠኝ። ለእኔ የተረፈልኝ ሥራ አልነበረም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና አየኋቸው፤ ዓይንና ጭራ ብቻ ናቸው። ውሸታም ያልኩህን ያን ጊዜ ጮክ ብዬ መለስኩት፤ እናትህ ምስክሬ ናቸው። እውነትህን ነበር፣ አባታቸው ከሞተ በኋላም ይወለዳሉ።

እንግዳ በመጣ ቁጥር እናትህ የሰው ዓይን እንዳያያቸው ብለው መስታወቱን በነጠላ ይሸፍናሉ። እስከ መቼ ነው ስላቸው፣ እስከ ክርስትናቸው አሉ። ወንድ ከሆኑ አርባ፣ ሴት ከሆኑ ሰማንያ፤ ገና ስላልለየ ለጥንቃቄ ሰማንያ ይሁን ብለው ወሰኑ። ከዘጠኙ ሁለቱ ሞቱ፤ ሰባቱ አደጉ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ደፋር፣ አንዱ ፈሪ፣ አንዷ ከሁሉም ቀድማ አስኳሉ ላይ የምትደርስ።

አርባ ቀናቸው ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ለሙት ዓመትህ እየተዘጋጀን ነበር። እህል ስለቅም እናትህ ተጣሩ። "ነይማ፣ ይኸ አባቱን አይመስልም?" ጠጋ ብዬ አየሁ። ከሁሉም ትንሹ፣ ጭራው ጫፍ ላይ ቀልቷል፤ በቀዩም ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ። እናትህ ስምህን ሊያወጡለት ፈለጉ። እኔ እንቢ አልኩ። ያንተን ስም የምጠራው አንተን ብቻ ነው። ስም የሌለው ቀይ ዓሣ ሆኖ ይኑር፤ ምንም አልጎደለበትም።

አሁን ክረምቱ እየገባ ነው፤ ማታ ማታ ይበርዳል። እንዳዘዝከው ያላደረ ውሃ አይገባባቸውም፣ እናታቸውም አትደርስባቸውም፤ እነሱ ባሉበት ቤት ሥራህ አይረሳም። ጋቢህን ለመስታወቱ መልሼለታለሁ። ከእንግዲህ አልገፈውም፤ ይህን ቃሌን ያዝልኝ። ጠረንህ አልቆ አሁን ውሃ ውሃ ይላል። አንተ በጣም በናፈቅከኝ ጊዜ ግን ወንበሬን ከመስታወቱ አጠገብ አስጠጋለሁ፤ ዓሣዎቹን ሳልገልጥ የጋቢውን አንድ ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ለእኔ ይበቃኛል።

ሚስትህ፣ እታገኝ